ስለ ፕሸሚሽል ምሽጎች የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን ያሳለፍኩት ወንበር በመቁጠር ነው። ጋዜጣው እዚህ አሜሪካ በወር አንድ ጊዜ በአማርኛ ይታተማል። ቢሮው ማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። ዋና አዘጋጁ ጋሽ ታደሰ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ የእርሳስ ፊደል ሲለቅሙ ያደጉ ሰው ናቸው። ያን ቀን ስለ አንድ የማኅበር ስብሰባ ጽፌ ሰጠኋቸው። “ብዙ ሕዝብ ተገኝቷል” የሚል ነበረበት።

“ብዙ ማለት ስንት ነው?” አሉኝ።

“አዳራሹ ሞልቶ ነበር።”

“አዳራሹ ስንት ወንበር አለው?”

አላውቅም ነበር። “ሂጂና ቁጠሪ” አሉኝ። በአውቶቡስ ተመልሼ ሄድኩ። የጽዳት ሠራተኛው ወንበሮቹን ደራርቦ ከግድግዳ አስጠግቷቸዋል። ክምሩን አንድ በአንድ ቆጥሬ ተመለስኩና ቁጥሩን ነገርኳቸው።

“ሰው ያልተቀመጠባቸውስ?” አሉኝ ቀና ሳይሉ።

በጋዜጣው ሦስት ማዕረግ ነበር፤ ዋና አዘጋጅ፣ ሪፖርተርና አከፋፋይ። እኔ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ነበርኩ። ጠዋት ቱክዊላ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ላይ አድራሻ እለጥፋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሪፖርተር እሆናለሁ። ጋዜጣው ሲወጣ ደግሞ ጥቅሉን መኪናዬ ኋላ ጭኜ ከፌደራል ዌይ ጀምሬ ወደ ሰሜን በየሱቁ አድላለሁ።

ዕቃዬ ጥቂት ነው፤ መቅረጸ ድምፅ፣ ሁለት ብዕርና ደብተር። የደብተሩ አያያዝ የጋሽ ታደሰ ነው። በግራው ገጽ በዓይኔ ያየሁትን፣ በቀኙ ገጽ ሰው የነገረኝን እጽፋለሁ። ሁለቱ እንዳይደባለቁ። ለዓመታት እንዲያ ስሠራ ኖርኩ። ሰው ሲቆጣም ሲያለቅስም መጻፌን አላቋርጥም። በዚህ ሥራ የምኮራበት ነገር ቢኖር ይኸው ነበር።

ሰዒድን ያወቅሁት ጋዜጣ ሳከፋፍል ነው። ስሙን እዚህ ለውጬዋለሁ። ቱክዊላ ካለ የሐላል ሥጋ ቤት ደጃፍ ቆሞ፣ ጋዜጣውን ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ የሚያነብ የደሴ ሰው ነው። ዕድሜው አርባን ያለፈ፣ የሁለት ሴት ልጆች አባት። ሥራው ሆም ኬር ነው፤ ፌደራል ዌይ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ይንከባከባል። የቤቱ ገቢ ይኸው አንድ ሥራ ነበር።

አንድ ቀን ደወለልኝ።

“እትዬ ሂሩት፣ ኮል አደርጋለሁ ብዬ ሳላደርግ ከረምኩ። ቢዚ ነዎት?”

“እየነዳሁ ነው። ተናገር።”

“ፓርክ ያድርጉና ያዳምጡኝ። እኔ የምይዛቸው ሽማግሌ አሉ፤ የፖላንድ ሰው ናቸው። ስለ ጦርነት ያወራሉ።”

“ሽማግሌ ሁሉ ስለ ጦርነት ያወራል፣ ሰዒድ።”

“እኚህ ግን በሴንቲሜትር ነው የሚያወሩት።”

ፓርክ አደረግኩ።

ሽማግሌውን ዮዜፍ እላቸዋለሁ፤ እውነተኛ ስማቸው አይደለም። የተወለዱት ፕሸሚሽል በምትባል ከተማ ነው። ዛሬ በፖላንድ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ ከዩክሬን ድንበር አጠገብ ትገኛለች። ከመቶ ዓመት በፊት ደግሞ የኦስትሪያና ሃንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ግዛት በሩሲያ አቅጣጫ የሚያበቃበት አካባቢ ነበረች። ድንበር ስለሆነች ዙሪያዋን በምሽግ ቀለበት አጠሯት። ዮዜፍ በወጣትነታቸው የነዚያን ምሽጎች ፍርስራሽ በሜትር እየለኩ በወረቀት የሚያሰፍሩ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ሰዒድ ይህን ሁሉ ገላቸውን ሲያጥብ፣ ሾርባ ሲያሞቅ ሰምቶ በቃሉ ይዞታል።

ለጋሽ ታደሰ ነገርኳቸው።

“ፖላንድ?” አሉ። “አንቺ ልጅ፣ የኛ አንባቢ የሚያሳስበው የአይ ፋይቭ መንገድ መዘጋት ነው።”

“የኛ አንባቢ ግማሹ የፈረንጅ ሽማግሌ ነው የሚንከባከበው፣ ጋሼ። ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ይህንኑ ነው።”

“ግማሹ? ቆጠርሽ?”

“አልቆጠርኩም።”

“እንግዲያው ግማሹ አትበይ።” ትንሽ አሰቡ። “ሁለት ገጽ እሰጥሻለሁ። እያንዳንዱ ነገር በሁለት ምንጭ። ሽማግሌ ሰው አንድ ምንጭ ነው። ቢያለቅስም አንድ ነው።”

በቀጠሯችን ቀን ሰዒድ ከአፓርትመንቱ በር ላይ ጠበቀኝ። በስልኩ ሥራ መግባቱን አስመዘገበ፣ እጁን ታጠበ፣ ጓንት አጠለቀ። ዮዜፍ መስኮት አጠገብ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠዋል። ረጅም፣ አጥንታቸው የወጣ፣ ጺማቸውን የተላጩ ሰው ናቸው። ሰዒድ “አባባ” ሲላቸው ዞር ይላሉ።

“ጋዜጠኛዋ መጥታለች፣ ጄኔራል” አላቸው በእንግሊዝኛ።

“ጄኔራል አትበለኝ ብዬሃለሁ” አሉት። “ጄኔራሎቹ እጅ ሰጥተዋል። እኔ ለኪ ነኝ።”

ጠረጴዛው መሐል አንድ የሻይ ኩባያ አኖሩ፤ ከተማዋ ናት። የጫማ ክር በጎኗ ዘረጉ፤ ሳን የሚባለው ወንዝ ነው። ከዚያ ከፌስታል ውስጥ ያለቁ የመድኃኒት ብልቃጦችን ክዳኖች እያወጡ ዙሪያውን ደረደሩ። እነዚህ ምሽጎቹ ናቸው። ዮዜፍ የእያንዳንዱን ቁጥር ይጠራሉ፤ ሰዒድ ክዳኑን ወደ ትክክለኛው ቦታ ያስጠጋል። አንዱን ሲያሳስት እጁን በማንኪያ መቱት።

“እዚያ ረግረግ ነው! ረግረግ ላይ ምሽግ ሠርተህ ታውቃለህ?”

“አላውቅም፣ አባባ። ደሴ ረግረግ የለም። ሁሉም ዳገት ነው።”

“እንግዲያው አንተ ጥሩ ምሽግ ሠሪ ይወጣህ ነበር።”

ስለ ቀለበቱ አሠራር ሲያስረዱ ድምፃቸው ይረጋጋል። ምሽጉ ከከተማዋ ለምን ይርቃል አልኳቸው። የመድፍ ጥይት በየጊዜው ርቀቱ እየጨመረ ስለሄደ ነው አሉኝ። ምሽጉ ከከተማዋ ግድግዳ ጥግ ቢሆን ጥይቱ በላዩ አልፎ ገበያውን ይመታል። ስለዚህ ቀለበቱን እያሰፉ፣ ከኮረብታ ኮረብታ እያስኬዱ ከከተማዋ አራቁት። በጡብ፣ በአፈርና በኮንክሪት ሠሩት፤ በአንዳንዱ ላይ የሚሽከረከር የብረት ቆብ ገጠሙ።

“ታዲያ በምሽግና በምሽግ መሐል ያለው ክፍተትስ?” አልኳቸው።

ሁለት ክዳን በሁለት ጣታቸው ይዘው አሳዩኝ። “ይህ ያንን ያያል፤ ያ ይህን ያያል። በመሐል የሚያልፍ ሰው ከሁለቱም ይተኮስበታል። ብቻውን የቆመ ምሽግ መቃብር ነው። የሚተያዩ ሲሆኑ ነው ምሽግ የሚባሉት።”

በዚህ መሐል የመድኃኒት ሰዓት ደረሰ። ሰዒድ በየቀኑ የተከፋፈለውን የመድኃኒት ሳጥን አመጣ። ዮዜፍ ኪኒን አይወዱም። ከሱ በፊት የነበሩት ሁለት ሠራተኞች በዚሁ ተጣልተዋቸው እንደሄዱ ሰዒድ ነግሮኛል። እሱ ሌላ መላ አገኘ።

“አባባ፣ አንደኛው ምሽግ ስንቅ አለቀብኝ ይላል” አላቸው።

ዮዜፍ የሳጥኑን ክዳን ከፈቱ፣ ኪኒን አወጡ፣ ዋጡ። ሰዒድ ከጠረጴዛው ላይ አንዱን ክዳን ገለበጠ። “ስንቅ ገብቷል።” ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። አራተኛው ላይ ዮዜፍ እምቢ አሉ።

“ይኼኛው ይራብ። አዛዡ ሌባ ነበር።”

“አባባ፣ ወታደሮቹ ምን አደረጉ?”

ዮዜፍ አሰቡና ዋጡ።

ከተማዋ እንዴት እንደወደቀች ያወሩልኝ ከዚያ በኋላ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሩሲያ ጦር ሁለት ጊዜ ከበባት። የመጀመሪያውን ከበባ ምሽጎቹ ተቋቋሙት፤ ጥቃቱ ቀለበቱ ላይ ተሰበረ። በሁለተኛው ጊዜ ሩሲያኖቹ መድከም አልፈለጉም። ቀለበቱን በሌላ ቀለበት ከበው ተቀመጡ፤ ክረምቱንም ጠበቁ። ከካርፓቲያ ተራሮች ማዶ ሊደርስ የሞከረው ረዳት ጦር በበረዶ ውስጥ ቀረ። በከተማዋ ውስጥ ፈረሶቹ መጀመሪያ መድፍ መጎተት አቃታቸው፤ ቀጥሎ ታረዱ። የዮዜፍ አያት በዚያ ክረምት ትንሽ ልጅ ነበሩ። የፈረስ ሥጋ ሾርባ ሽታ እስኪሞቱ ድረስ ከአፍንጫቸው አልወጣም ብለው ነግረዋቸዋል።

“መድፍ አይደለም የጣላቸው” አሉ ዮዜፍ። “ግድግዳው ቆሞ ሆዱ ወደቀ። መጨረሻ ላይ ራሳቸው የገዛ ምሽጎቻቸውን በፈንጂ አፈረሱና ነጭ ጨርቅ አወጡ። አንድ ጠዋት ሁሉም ወደ ሰማይ ወጣ። ሁሉም!”

ይህን በቀኙ ገጽ ጻፍኩ። ዮዜፍ ደክሟቸው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ሰዒድ ክዳኖቹን በፌስታል መለሰ። አብሬው ወጣሁ።

ቀጥሎ ያለው የሥራው ረጅሙ ክፍል ነው። ሦስት ሳምንት ያህል በሥራ ዕረፍቴ ቀን ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ መጻሕፍትና ካርታ አመሳከርኩ። የቀለበቱን ቅርጽ፣ የከበባውን ቅደም ተከተል፣ የረዳት ጦሩን መንገድ በሁለት በሁለት ምንጭ አረጋገጥኩ። አንድ ነገር ብቻ አልገጠመም። ያን ጠዋት ሁሉም ምሽጎች ሙሉ በሙሉ አልወደሙም፤ የአንዳንዶቹ ክፍል ዛሬም ቆሟል። ተመልሼ ለዮዜፍ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር።

“የለካሁት ጥቂቶቹን ነው” አሉኝ። “የቀረውን ሰማሁ። የለካሁትን እመኚ።”

ጽሑፉ ሁለት ገጽ ሞላ። ጋሽ ታደሰ አንብበው አንድ ነጠላ ሰረዝ ብቻ አነሱ። ከሥሩ እንደ ልማዳችን ምስጋና አደረግንበት። ጋዜጣው አንድ ልማድ ነበረው፤ በር የከፈተልን፣ ሰው ያገናኘን፣ ውሃ ያጠጣን ሁሉ በጽሑፉ መጨረሻ በሙሉ ስሙ ይመሰገናል። ያለዚያ ውለታ መብላት ነው ይባላል። ሰዎች ያችን ቁራጭ ቆርጠው አገር ቤት ለእናታቸው ይልካሉ። ሰዒድንም ከነፎቶው፣ ከነአባቱ ስም፣ ከነሥራው፣ ማንን እንደሚንከባከብ ጠቅሰን አመሰገንነው። የዮዜፍን እውነተኛ ስምና ሕመም ቀደም ሲል በጋዜጣው ጽሑፍ ውስጥ ጠቅሻለሁ። ሰዒድን ጠየቅሁት ወይ? ለምስጋና ማን ፈቃድ ይጠይቃል!

ጋዜጣው የወጣ ቀን ሰዒድ አንድ ክምር ወስዶ መስጊድ አደለ። “እትዬ፣ ልጆቼ አማርኛ ማንበብ አይችሉም፤ ፎቶዬን አይተው ‘ዳድ፣ ዩ አር ፌመስ’ አሉኝ” ብሎ ሳቀ።

በሳምንቱ ደወለ። አልሳቀም።

“ሥራ አቁም ተባልኩ።”

የሆነው እንዲህ ነው። ሰዒድን በቀጠረው የሆም ኬር ኤጀንሲ ቢሮ የምትሠራ አንዲት አበሻ ጽሑፉን አንብባ ደስ ብሏት ለአለቆቿ በእንግሊዝኛ ተረጎመችላቸው። “የኛ ሰዒድ ጋዜጣ ላይ ወጣ” ብላ። ክፋት አልነበረባትም። አለቆቹ ግን በደስታ አላነበቡትም። ሁለት ክስ አቀረቡበት። አንደኛው፣ የደንበኛን ስምና ጤና ለውጭ ሰው መግለጽ። ሁለተኛው ይበልጥ የከበደ ነው፤ መድኃኒት ከሳጥኑ አውጥቶ በየክዳኑ እያከፋፈለ መጫወቻ ማድረግ። ሁለተኛው ከጸና ከኤጀንሲው መባረር ብቻ ሳይሆን የሥራ ፈቃዱንም ሊያጣ ይችላል።

ለጋሽ ታደሰ ስነግራቸው ኮታቸውን አነሱ።

“ሽማግሌ እንልካለን” አሉ።

“ጋሼ፣ ቢሮ ነው እኮ።”

“ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው አይደለም?”

ከሰዒድ ወገን ሐጂ ኡመር መጡ፤ በመስጊዱ ሁሉ የሚያከብራቸው አዛውንት ናቸው። እኔ ሾፌርም አስተርጓሚም ሆኜ ሦስታችን ቱክዊላ ወደሚገኘው የኤጀንሲው ቢሮ ሄድን። የሰዒድ አለቃ፣ ሱፐርቫይዘሯ፣ አሜሪካዊት ናት፤ ቀጠሮ ባይኖረንም በትሕትና አስገባችን። ሐጂ ኡመር አልቀመጥ አሉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ሽምግልና ወግ ጀመሩ።

“ልጃችን አጥፍቷል። ጥፋቱን ተሸክመን ደጃችሁ መጥተናል። ማሩት።”

ሽምግልና የሚያውቅ ሰው ይህ መነሻ መሆኑን ያውቃል። ጥፋት ኖረም አልኖረም ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚገባው፤ የተበደለው ወገን ልቡ ይለሰልስና ወደ ጉዳዩ ይገባል። እኔ ደግሞ ሥራዬ ሰው ያለውን በትክክል ማስተላለፍ ነው። ቃል በቃል ተረጎምኩት።

ሱፐርቫይዘሯ ብዕር አነሳች። “ማድረጉን አምኗል ማለት ነው?”

“ምን አለች?” አሉ ሐጂ።

ነገርኳቸው።

“ኧረ! እንዴት ያምናል? ምን አጠፋና?”

“አሁን አጥፍቷል ብለዋል” አለች።

“እሱ ወግ ነው!” አሉ ጋሽ ታደሰ በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው “ንገሪያት እንጂ!”

ነገርኳት። አዳመጠችኝ፤ ያንንም ጻፈች። ከዚያ ሦስታችን ከሰዒድ ጋር ምን ዝምድና እንዳለን ጠየቀችን፤ ዘመድ አይደለንም አልን። ታዲያ የደንበኛውን ጉዳይ እንዴት አወቃችሁ አለች። ሦስት ተጨማሪ ሰዎች የሽማግሌውን ጉዳይ ማወቃቸውም መዝገቡ ላይ ሰፈረ። ስንወጣ እኔን ብቻ አስቀረችኝ።

“በክፍሉ ውስጥ የነበርሽው አንቺ ነሽ” አለችኝ። “ያየሽውን ጽፈሽ ፈርመሽ እስከ ዓርብ አምጪ። ያየሽውን ብቻ።”

“ስንት ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ” አሉ ሐጂ ኡመር መኪና ውስጥ። “ዛሬ ልጁን አስከሰስኩት።”

በማግስቱ ከመጋዘን እንደወጣሁ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ደብተሩን ገለጥኩ። የምስክርነት ቃሉን ለመጻፍ ነው። በግራው ገጽ፣ በገዛ እጄ እንዲህ ይላል፦ “ክዳኖቹ ባዶ። ኪኒን ከሳጥኑ። ራሳቸው ያወጣሉ። ሰ. ይቆጥራል፣ አይነካም።”

ጋዜጣውን አወጣሁ። እዚያ ደግሞ እንዲህ ታትሟል፦ “ሰዒድ በየክዳኑ አንድ አንድ ኪኒን ያኖራል፤ ሽማግሌውም ምሽጎቻቸውን አንድ በአንድ ይውጣሉ።”

መቅረጸ ድምፁን ከፈትኩ። የሳጥኑ ክዳን ጠቅ ሲል ይሰማል። ሰዒድ “ላግዝዎት?” ሲል፣ ዮዜፍ “ራሴ!” ሲሉ ይሰማል።

ዓረፍተ ነገሩን ስጽፍ ትዝ ይለኛል። መጀመሪያ ደብተሩ እንዳለው ጽፌው ነበር። ከዚያ ምሽጎቹን “የሚውጧቸው” ቢሆን ያምራል ብዬ ኪኒኖቹን ከሳጥን አውጥቼ በክዳን ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ስለ ሞቱ ጄኔራሎች ሁለት ሁለት ምንጭ አገላብጫለሁ። ይህን ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ወደ ቢሮ ሄጄ ሁለቱን ወረቀቶች ጋሽ ታደሰ ፊት አኖርኩ። መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አነበቧቸው።

“ተሳስተሽ ነው?” አሉኝ።

“ደብተሬ ላይ ትክክል ነው። ስጽፍ የቀየርኩት እኔ ነኝ።”

“እንግዲያው ስሕተት አይደለም” አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። “እርማቱ በፊተኛው ገጽ ይወጣል። ከርዕሱ እኩል ፊደል። ‘በአርትዖት ስሕተት’ ብለሽ እኔን እንዳታስገቢኝ፤ እኔ የነጠላ ሰረዝ ሰው ነኝ።”

በቀልዱ ማናችንም አልሳቅንም።

ዓርብ ጠዋት ምስክርነቱን፣ የደብተሩን ገጽ ቅጂ፣ ድምፁንና ሊወጣ የተዘጋጀውን እርማት ይዤ ሄድኩ። ሱፐርቫይዘሯ በዝግታ አነበበች።

“ለምን ሌላ ጻፍሽ?” አለችኝ።

“ይበልጥ ያምር ስለነበር።”

ጥቂት አየችኝና ያንንም ጻፈችው።

ውሳኔው ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። የመድኃኒቱ ክስ ተሰረዘ፤ የሥራ ፈቃዱ አልተነካም። የደንበኛን ጉዳይ መግለጹ ግን ጸና። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፣ ሥልጠና በድጋሚ ወሰደ፣ ከዮዜፍ ቤትም ተነሳ። ቱክዊላ ውስጥ ሌላ ሽማግሌ ተሰጡት፤ ቀኑን ሙሉ ቤዝቦል የሚያዩ ሰው ናቸው። ወደ ዮዜፍ ቤት መሄድም ሆነ መደወል ተከልክሏል።

ይቅርታ ልጠይቀው ሥጋ ቤቱ ደጃፍ አገኘሁት። ጋዜጣ አልያዘም።

“ሥራዬን አገኘሁ፣ አልሐምዱሊላህ” አለኝ። “ሶ፣ እሱ ኦኬ ነው። ልጆቼ አልተራቡም። ግን እትዬ፣ አዲሷ ሠራተኛ ኪኒኑን ስታቀርብላቸው ምን እንደምትላቸው አላውቅም። ይውጡት አይውጡት አላውቅም። መጠየቅም አልችልም።”

“እኔ ልጠይቅልህ?”

“እርስዎ ደግሞ!” አለ። “እባክዎ፣ ምንም አይጠይቁልኝ።”

ልክ ነበር። አልጠየቅሁም። የዮዜፍ መጨረሻ ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ስለዚህ አልጽፈውም።

የምስጋናው ዓምድ ከዚያ ወር ጀምሮ ቀረ። አንባቢዎች ቅር ተሰኝተው ደወሉ። ጋሽ ታደሰ ለእያንዳንዳቸው ራሳቸው መልስ ሰጡ። አንዲት ወይዘሮ “ውለታ መብላት ጀመራችሁ?” ብትላቸው “አዎ፣ እመቤቴ” አሏት።

እኔ ሥራውን ቀጠልኩ፤ አሁን ትቼው አርፌያለሁ። ወደዚህ ሥራ ለሚገቡ የምለው አንድ ነገር ነው። የጻፋችሁት ዓረፍተ ነገር በጣም ካማረላችሁ ተነሡና ደብተሩን ግለጡ። የሰው ስም ካለበት ደግሞ ሳይታተም ለዚያው ሰው አንብቡለት፤ ሰርዙት ካለም ሰርዙት። ሥራ ያዘገያል፤ ጥሩ ጥሩውን ዓረፍተ ነገርም አብዛኛውን ጊዜ ያሰርዛል። ይህን ጽሑፍ ለሰዒድ በስልክ አነበብኩለት። ሁለት ቦታ ላይ አስቆመኝ። ሁለቱም ተሰርዘዋል።